ስልኩን ቆለፍሽው፤ ጥናቱንስ የት አስቀመጥሽው?

የአንባቢ ደብዳቤ

«አሰላሙ አለይኩም እትዬ። የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። የ14 ዓመት ወንድና የ11 ዓመት ሴት ልጆች አሉኝ። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለሆነ በወር ውስጥ ቤት የሚያድረው ጥቂት ቀን ነው። እኔ ሰኞ ገበያ ጨርቅ እሸጣለሁ። ትልቁ ልጄ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ይፈተናል። አንድ ሰሞን ጠዋት፣ አንድ ሰሞን ከሰዓት እየተፈራረቀ ነው የሚማረው። ትንሽ እያለ ቁርአን ሲቀራ ኡስታዙ የሚመካበት ልጅ ነበር፤ ታች ክፍል ሳለም ከአንድ እስከ አምስት ይወጣ ነበር። አምና አባቱ ‹ስናፍቀው ይደውልልኝ› ብሎ ስልክ ገዛለት። ከዚያ ወዲህ ልጄ ልጄ አልመስልህ አለኝ። ‹መጽሐፉ የሚመጣው በቴሌግራም ነው› ይልና ስልኩን ይዞ ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባል። እኔ የሚያጠና ይመስለኛል፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስነቃ ቲክቶክ ላይ አገኘዋለሁ። በመንፈቁ 34ኛ ወጣ። ስልኩን ቀምቼ ሱቅ ቆለፍኩበት። እሱ ደግሞ ጌም ቤት መዋል ጀመረ፤ ‹ከጓደኛዬ ጋር እያጠናሁ ነው› ብሎም ዋሸኝ። በንዴት በቻርጀሩ ገመድ ገረፍኩት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አያናግረኝም። አማቴ አብረውን ናቸው፤ ከቱርክ ድራማቸው ቀና ይሉና ‹ልጁን አታሳቅቂው› ይሉኛል። አባቱም ፓኬጅ እየላከ ያበላሸው እሱ ሆኖ ሳለ፣ አሁን ከሚሌ እየደወለ ‹መልሺለት› ይለኛል። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ቁጭ ብዬ ላስጠናው አልችልም። ስልኩን ልሽጠው ወይስ ልመልስለትና የራሱ ጉዳይ ልበል?»

ግራ የገባት እናት

መልስ

ወአለይኩም ሰላም እህቴ። ለመጨረሻው ጥያቄሽ አጭሩ መልስ፦ ስልኩን አትሽጪው፤ በደፈናውም አትመልሺለት። ረጅሙ መልስ ግን ከስልኩ አይጀምርም።

ስለ ስልኩ ብዙ ነገር ነግረሽኛል። ማን እንደገዛው፣ የት እንደቆለፍሽው፣ ልጁን ስንት ሰዓት ላይ እንደያዝሽው ሁሉ አለ። ስለ ጥናቱ ግን ፈልጌ ፈልጌ አንዲት መስመር አጣሁ። ልጁ በስንት ሰዓት ነው የሚያጠናው? የት ቁጭ ብሎ? ትናንት ያጠናውንስ ማን ሰማው? ይህ ያንቺ ቤት ጉድለት ብቻ እንዳይመስልሽ። «አጥና!» የሚል ድምፅ ከጠዋት እስከ ማታ የሚሰማበት፣ የጥናት ሰዓት የሚባል ነገር ግን የሌለበት ቤት ሞልቷል። ስልኩን ስትቀሚው ልጁ ምንም የማይሠራበት ሰዓት ታቅፎ ቀረ፤ ያንን ሰዓት ጌም ቤት ወሰደው። ነገ ጌም ቤቱ ቢዘጋ ሌላ የሚወስደው አይጠፋም። ስለዚህ ቀድሞ የሚሠራው ጥናቱ ነው፤ ስልኩ ቦታ የሚበጅለት ከዚያ በኋላ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ያ የቻርጀር ገመድ። ልጅሽን ይቅርታ ጠይቂው። አዎ፣ እናት ልጇን። «ስለ ስልኩ ያልኩህን አልመለስም፤ ስለመታሁህ ግን ይቅር በለኝ» በይውና ነገሩን እዚያው ጨርሺው፤ «አንተም እኮ» የምትል ቃል አታስከትይ። ይህ ሳይሆን የምትጀምሪው የጥናት ፕሮግራም ሁሉ ለእሱ የግርፊያው ቀጣይ ክፍል ነው። የ14 ዓመት ልጅ ተገርፎ ዝም ሊል ይችላል፤ በግርፊያ የሚማረው ግን መደበቅን ነው። በዚህስ አማትሽ እውነት አላቸው። በቴሌቪዥናቸው ጉዳይ ግን አንስማማም፤ እመጣበታለሁ።

«ላስጠናው አልችልም» ያልሽው ነገር ነው ከደብዳቤሽ ሁሉ የከነከነኝ። ከቤታችሁ ለዚህ ሥራ ካንቺ የተሻለ ሰው የለም። ልጅሽ የሚያስተምረው አላጣም፤ በየትምህርቱ መምህር አለው። ያጣው የሚሰማው ሰው ነው።

ቁርአን ሲቀራ የነበረበትን ጊዜ አስታውሺ። ሉሁ፣ ያ የእንጨት ሰሌዳው፣ ላይ ይጻፍለታል፤ እየደጋገመ ይቀራል። ሉሁ የሚታጠበው ግን ብዙ ጊዜ ስለቀራው አልነበረም። ኡስታዙ ፊት ቁጭ ብሎ፣ ሳያይ፣ በቃሉ ሲያሰማ ነው ታጥቦ አዲስ የሚጻፍለት። ካልወጣው ያው ሉህ ይቆየዋል። የቄስ ትምህርት ቤቱም ከዚህ አይርቅም፤ ተማሪው ቀን ንባቡን ሲል ይውልና ሲመሽ፣ መጽሐፍ በማይታይበት ጨለማ፣ የቃል ትምህርቱን ይወጣል። ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እስከ ጀማ ንጉሥ የእስልምና ማዕከል፣ ወሎ ሊቁንም ዓሊሙንም ያወጣው በዚሁ ነው። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ማሰማቱን ተውነውና ደብተር ላይ አቀርቅሮ መዋልን ጥናት አልነው። እኔ መቼም በዚህ እናደዳለሁ፤ ያለንን ትተን ቱቶር ፍለጋ እንሮጣለን።

ነገሩ በሳይንስም ተፈትሿል። ሮዲገርና ካርፒክ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2006 ባወጡት ጥናት ለተማሪዎች አጭር ጽሑፍ ሰጡ። አንደኛው ቡድን ጽሑፉን አራት ጊዜ አነበበ። ሌላኛው አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ፣ የሚያስታውሰውን ሳያይ ሦስት ጊዜ ጻፈ። አምስት ደቂቃ ቆይተው ሲፈትኗቸው አራቴ ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን አራቴ ያነበቡት 40 በመቶ ያህሉን ብቻ ሲያስታውሱ፣ አንዴ አንብበው ሦስቴ በቃላቸው የጻፉት 61 በመቶ ያህሉን አስታወሱ። ልጅሽ «አጥንቼ ነበር እኮ፤ ፈተና ላይ ጠፋብኝ» ብሎሽ ከሆነ በዚህስ አልዋሸሽም። ባነበበበት ማታ እውነትም ያውቀው ነበር።

ወላጁ ሁሉ በፈተና ውጤት የደነገጠውም በከንቱ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ2014 ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ ከ2015 3.2፣ ከ2016 5.4፣ ከ2017 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ኩረጃ ሲጠብ የሚቆጠረው ልጁ ራሱ ይዞ የገባው ነው። ያንቺ ልጅ እዚያ ለመድረስ ገና አራት ዓመት አለው፤ ጊዜ አላለፈበትም።

ማሰማቱን እንዲህ አድርጉት። ልጁ የዕለቱን አንድ ርዕስ፣ አንድ ብቻ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ያንብብ። ከዚያ መጽሐፉን ዘግቶ ላንቺ ይስጥሽ። ጉልበትሽ ላይ ዘርጊው፣ ጣትሽን ርዕሱ ላይ አሳርፊና «በል ንገረኝ» በይው። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ቢሆን አትጨነቂ፤ በአማርኛ ይንገርሽ። እንዲያውም ይሻላል። «ዕፀዋት በፎቶሲንተሲስ ምግባቸውን ያዘጋጃሉ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ማንም ሸምድዶ ሊለው ይችላል። «ቅጠሉ ሥሩ የሳበውን ውሃና ከአየር የወሰደውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በፀሐይ ብርሃን እያዋሐደ ምግብ ያደርገዋል» ብሎ ለእናቱ ለማስረዳት ግን ነገሩ የገባው መሆን አለበት። ካንቺ የሚጠበቀው «እሺ»፣ «ከዚያስ?» እና «ለምን?» ማለት ነው። «ለምን?» ስትዪው ጭንቅላቱን ማከክ ከጀመረ እዚያች መስመር አጠገብ በእርሳስ ነጥብ ያድርግ፤ ነገ ከነጥቧ ይጀምራል። አትቆጪው። መልሱን እንደምታውቂ ሆነሽ አትቅረቢ፤ «እኔም አላውቀው፣ ነገ መምህርህን ጠይቅና ንገረኝ» በይው። እሱ ነግሮሽ አንቺ የገባሽ ቀን ፊቱን አይተሽ ትረጃለሽ።

ዓርብ ማታ አዲስ ነገር አይነበብም። የሳምንቱን ነጥቦች ብቻ እያነሳሽ ትጠይቂዋለሽ፤ ከመካከላቸው ያልጠፉበትን ደግሞ ሁለት ሳምንት ቆይተሽ ድገሚያቸው። አንድ ቀን ሌሊቱን ሙሉ ከማንበብ በየመሐሉ እያረፉ መደጋገም ይበልጣል፤ ይህንንም ከቁርአን ቤቱ ያውቀዋል፣ የቆየ ሱራ ተመልሶ ሲጠየቅ ነው የሚጸናው።

ሒሳብ በቃል አይሆንም ትዪኝ ይሆናል። ለሒሳብ ሽፋን ነው መድኃኒቱ። ደብተሩ ላይ መምህሩ የሠሩት ምሳሌ አለ እንበል፤ «ሦስት ኤክስ ሲደመር አምስት እኩል ሃያ»። ጥያቄዋ ብቻ እንድትታይ ከሥሯ ያለውን በሌላ ደብተር ሸፍኑት። ልጁ በቁራጭ ወረቀት ይሥራና ሽፋኑን መስመር በመስመር ወደ ታች እየሳበ ያመሳክር። አምስቷን ወደ ማዶ ሲያሻግር ምልክቷን ሳይቀይር ቀርቶ ከሆነ፣ የተሳሳተባትን መስመር ራሱ ያገኛታል። አንቺ ሒሳቡን ማወቅ አይጠበቅብሽም፤ ሽፋኑ ቀድሞ እንዳይነሳ መጠበቅ ነው ሥራሽ። የተሠራ ምሳሌ አይቶ «ገባኝ» ማለት ስንቱን ልጅ ጉድ እንደሠራው አስተማሪ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል።

አንድ የምጠረጥረው ነገር ደግሞ አለ፤ ስልኩን ብቻ ስታዪ እንዳያመልጥሽ። ልጅሽ ዘንድሮ በ2018 ስምንተኛ ክፍል ከሆነና ካልደገመ፣ በመጋቢት 2012 በኮሮና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሁለተኛ ክፍል ነበር። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ አራተኛ ክፍል ነበር። ንባብ የሚፈታበት፣ ማባዛትና ማካፈል የሚያዝበት ዕድሜ ላይ ሁለቴ ተቋርጦበታል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንቺው ታውቂዋለሽ። «ታች ክፍል ደረጃ ይወጣ ነበር» ብለሻል፤ ይወጣል፣ የክፍሉ ልጆች ሁሉ አብረው ነው የተቋረጠባቸው። እንዲህ ያለ ክፍተት በደረጃ አይታይም፤ ሰባተኛና ስምንተኛ ላይ ትምህርቱ ሲከብድ ነው የሚያፈጥጠው።

ለማወቅ ቀላል ነው። በጨዋታ መሐል «ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው?» በይው። 56 ለማለት ጣቱን ከቆጠረ፣ ወይም የእህቱን የአምስተኛ ክፍል መጽሐፍ ጮክ ብሎ ሲያነብ እየተደናቀፈ ከሆነ፣ የተሸሸገው ነገር እሱ ነው። የማይገባው ገጽ ላይ ማፍጠጥ ያሳፍራል፤ ቲክቶክ ደግሞ ማንንም አያሳፍርም። ይህን ካገኘሽ «ስምንተኛ ክፍል ደርሰህ!» ብለሽ እንዳታዋርጂው። ይልቅ እህቱን እንዲያስጠናት ለምኚው። በቀን አሥር ደቂቃ የማባዛት ሰንጠረዥ ሲጠይቃት እሱም ይይዘዋል፤ ክብሩም አይነካም።

አሁን አያናግረኝም ብለሻል። እንግዲያው ከእሱ አትጀምሪ፤ ከልጅቷ ጀምሪ። እሱ ጥጉን ይዞ ይቀመጥ፤ እሷ ታሰማሽ፣ አንቺ «ከዚያስ?» እያልሽ ተከታተያት። ትንሿ ስትሳሳት ዝም ብሎ የሚቀመጥ ወንድም አላየሁም፤ «ኧረ እንደሱ አይደለም!» ብሎ ይገባል። ያኔ ሌላ ነገር አታንሺበት፤ «እስቲ አንተ ንገራት» በይውና እለፊ።

ስለ ሰዓቱ። ፈረቃው ስለሚዞር «ከትምህርት ቤት ሲመለስ» የምትዪው ሰዓት አይያዝልሽም። በማይዞር ነገር እሰሪው፤ መግሪብ ለዚህ የተመቸ ነው። ደሴ ውስጥ የመግሪብ አዛን ክርስቲያኑም ቤት ሰዓት ነው፤ ከብቱ የሚገባው፣ መብራት የሚበራው፣ ልጅ ከሜዳ የሚጠራው በእሱ ነው። ከመግሪብ እስከ ኢሻ ያለው ጊዜ ከአንድ ሰዓት ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ እሱ የጥናት ሰዓት ይሁን። ንባብ፣ ማሰማት፣ ትንሽ እግር ማፍታታት፣ ከዚያ ሒሳብ። ኢሻ ሲል መጽሐፍ ይታጠፋል፤ ያላለቀ ቢኖርም ይታጠፋል። ማብቂያው የሚታወቅ ሥራ ለመጀመር አይከብድም። መብራት የጠፋ ማታ ደግሞ ጥናቱ አይቀርም፤ ማሰማት መብራት አይፈልግም። ቦታው አንድ ይሁን፣ ሁልጊዜ እዚያው፤ አልጋ ላይ ግን በፍጹም። አልጋ ላይ የተጀመረ ጥናት የት እንደሚያልቅ ብርድ ልብሱን ገልጠሽ አይተሽዋል።

በዚያች ሰዓት ቴሌቪዥኑም ይጠፋል። አማትሽን ማሳመኑ ከልጁ ሊከብድሽ ይችላል፤ የቱርክ ድራማ ቀልድ አይደለም። «እማ፣ ድራማው በድጋሚ ሲታይ ይዩት፤ አሁን ልጁን እርስዎ ይስሙልኝ» በያቸው። የኅብረተሰብ ትምህርቱን ለእሳቸው ስጪያቸው። ስለ ወሎው ንጉሥ ሚካኤል፣ ደሴ ላይ ስላሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ሲነሳ ከመጽሐፉ ጋር ሊከራከሩም ይችላሉ፤ ይከራከሩ። ልጁ አያቱ ያሉትን ለመርታት ሲል ገጹን ደግሞ ያነበዋል።

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ። ሲመለስ የቤት ሕግ ይዞ ይመለስ፤ ሕጉም ለሁሉም ይሁን። ሌሊት የማንም ስልክ መኝታ ቤት አይገባም። ያንቺም፣ የእሱም፣ አባቱ የመጣ ቀን የአባቱም ሳሎን ብፌው ላይ ቻርጅ ተሰክቶ ይደር። አባቱ መንገድ ላይ ስለሆነ ድንገት ይደውላል ብለሽ ከሰጋሽ ያንቺን ድምፁን ከፍ አድርጊው። ልጁ «አላርም ነው የምፈልገው» ካለ ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ግዢለት። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ደግሞ ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኝቶ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት የተነሳ ልጅ ዘጠኝ ሰዓት ተኛ። ያንቺ ልጅ ግን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስትይዢው ገና ነቅቷል፤ ቢበዛ አራት ሰዓት ተኝቶ ነው ክፍል የሚገባው። የተማረውም አእምሮው ውስጥ የሚደላደለው በእንቅልፍ ነው። ከጻፍኩልሽ ሁሉ አንዱን ብቻ ማድረግ ብትችዪ ይሄን የሌሊት ስልክ ሕግ አድርጊ። የሌሊት ፓኬጅም አይገዛ፤ ርካሽ ነው፣ ግን ርካሽ የሆነው ሰው በሚተኛበት ሰዓት ስለሆነ ነው።

«መጽሐፉ የሚመጣው በቴሌግራም ነው» ማለቱ እውነት ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ የታተመ መጽሐፍ ለሁሉም ስላልተዳረሰ በፒዲኤፍ የሚያነብ ተማሪ ብዙ ነው። ከክፍል ጓደኞቹ እናቶች ጋር ተነጋገሪና የወሩን ምዕራፍ አንድ ላይ ፎቶ ኮፒ አስነሱ፤ ወጪውን ስትካፈሉት ያን ያህል አይከብድም። ይህ ካልተቻለ ፒዲኤፉ ቀድሞ ይውረድ፤ በጥናት ሰዓት ዳታው ጠፍቶ፣ ስልኩ አንቺ በምታዪው ቦታ ሆኖ ይነበብ። አንዲት ኖቲፊኬሽን ጢን ባለች ቁጥር ልጁ ከገጹ ይወጣል፤ ለመመለስ ደግሞ ጊዜ ይፈጅበታል።

ከእራት በኋላ አንድ ሰዓት፣ ዓርብና ቅዳሜ ትንሽ ጨምሮ፣ እንደፈለገ ይይበት። ያኔ ከጀርባው ቆመሽ አትነዝንዢው፤ ሰዓቱ የእሱ ነው። በአብዛኞቹ አዳዲስ አንድሮይድ ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ «ዲጂታል ዌልቢንግ» የሚባል አለ፤ በየትኛው አፕ ላይ በቀን ስንት ሰዓት እንደዋለ ያሳያል፣ የደቂቃ ገደብም ይቀበላል። ራሱ ይክፈትልሽና አብራችሁ እዩት። ቁጥሩ ሲያስደነግጥሽ አትጩሂ፤ እሱም ደንግጧል። ገደቡን ስንት እናድርገው ብለሽ ጠይቂውና ያለው ቁጥር ብዙም ካልተጋነነ ተቀበዪው፤ ራሱ ያወጣውን ሕግ ማፍረስ ይከብደዋል። ቲክቶክ ራሱ ከ18 ዓመት በታች ላሉት በቀን 60 ደቂቃ የሚል ገደብ ከፈረንጆቹ 2023 ጀምሮ አስቀምጧል። ግን ሰዓቱ ሲሞላ ልጁ ኮድ አስገብቶ ይቀጥላል፣ ዕድሜውንም ሲከፍት የሞላው እሱ ነው። እሱን ተማምነሽ አትተኚ። ለ11 ዓመቷ ልጅሽ ደግሞ ቲክቶክ ገና ነው፤ በመተግበሪያው በራሱ ደንብ ከ13 ዓመት በታች አይከፈትም። የወንድሟን ስልክ ተውሳ ታይ እንደሆነም ልብ በይ።

ከመግሪብ እስከ ኢሻ ያንቺም ስልክ ብፌው ላይ ይሁን። በቴሌብር ብር የሚልክልሽ ደንበኛ አንድ ሰዓት ቢጠብቅ አይሞትም። ልጅ «አንቺስ?» ብሎ የሚጠይቅበት ቀን አለ፤ ያን ቀን መልስ ይኑርሽ።

ባለቤትሽን አትጣዪው። ልጁን በወር ጥቂት ቀን የሚያይ አባት ፓኬጅ የሚልከው ሌላ የሚልከው ስላጣ ነው። የሚልከውን ስጪው እንጂ! ፓኬጁን ላንቺ ይላክ። ለልጁ ደግሞ ከኢሻ በኋላ ኔትወርክ ባገኘበት ይደውልና «አጠናህ?» ሳይሆን «ዛሬ ለእናትህ ያሰማኸውን ለእኔም ንገረኝ» ይበለው። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ልጁ ያንኑ ነገር በአንድ ማታ ሁለቴ አሰማ ማለት ነው፤ አባትየውም ሚሌ ሆኖ ልጁን አስጠና። አደራ የምልሽ ግን ቤት በሚመጣባቸው ቀናት ነው። «ዛሬ እንኳ አባቱ መጥቷል፣ ተዪው» የሚባልባቸው ጥቂት ማታዎች የወሩን ልምድ ያፈርሳሉ፤ አስቀድመሽ በስልክ ተስማሚው።

ጌም ቤቱን በተመለከተ ጎረቤት ሊታዘበኝ ይችላል፦ ቅዳሜ ከሰዓት ለአንድ ሰዓት ፍቀጂለት፣ ብሩንም አንቺ ስጪው። የት እንዳለ፣ ከማን ጋር እንዳለ፣ መቼ እንደሚመለስ የምታውቂበት ጨዋታ «እያጠናሁ ነው» ተብሎ ተደብቆ ከሚኬድበት ይሻላል። ሰዓቱን ካላከበረ የሚቀጥለው ቅዳሜ ይቀራል፤ ሌላ ቅጣት፣ ሌላ ንግግር የለውም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት አስቀያሚ ይሆናሉ። ያዛጋል፣ ያሾፋል፣ ሽንት ቤት ይመላለሳል። ርዕሱን ወደ ግማሽ ገጽ አውርጂው እንጂ ሰዓቱን አትዝለዪ። ወር ሞልቶ የእርሳስ ነጥቦቹ ካልቀነሱ የሆም ሩም መምህሩን ሄደሽ አግኚ። «ልጄ እንዴት ነው?» አትበይ፤ «ደህና ነው፣ ትንሽ ይረብሻል» ተብለሽ ትመለሻለሽ። «የት ነው የሚቀመጠው? ከማን አጠገብ? ሰሌዳው ይታየዋል? በየትኛው ክፍለ ጊዜ ነው የሚተኛው?» ብለሽ ጠይቂ። ተማሪ በሚበዛበት ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ዓይኑ የደከመ ልጅ ቢቀመጥ የሚገለብጠው ከጓደኛው ደብተር ነው፤ ስህተቱንም አብሮ ይገለብጣል። ሰሌዳው እንደማይታየው ካወቅሽ ከሁሉ በፊት ዓይኑን አስመርምሪው፤ መነጽር ካስፈለገውም ከሚኒስትሪው በፊት ይድረስለት።